ቆሞ የሰነበተ ሞተር ለምን ያንኳኳል?

በድጓ ማስመስከሪያነቱ የታወቀው ቤተ ልሔም የሚገኝበት ጋይንት ብርዱ የበረታ ደጋ አለው፤ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እንዲህ ባለ ስፍራ ለቀናት የቆመ መኪና ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች ያንኳኳል። ብዙ አሽከርካሪዎችም «በርዶት ነው» በማለት ነዳጅ መስጫውን ደጋግመው ይረግጣሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል።

ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የሚሽከረከር ዘንግ ዘይትን ወደ ጠባብ ክፍተት እየሳበ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ዘንጉን ከኩሽኔታው አንሥቶ ያንሳፍፈዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ይጠፋል፤ ዘንጉም ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። በቴስታታው ውስጥ የነበረው ዘይት ቀስ በቀስ ወደ ታችኛው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። በፊልትሮው ውስጥ ዘይት እንዳይመለስ የሚያግደው ጎማ ካረጀ ደግሞ መተላለፊያው ጭምር ይጎድላል። እንግዲህ ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ዘይቱን እስኪያደርስ ድረስ የምንሰማው ብረት ከብረት ሲጋጭ ነው። ብርድ የዘይቱን ቪስኮሲቲ ስለሚጨምር መዘግየቱን ያራዝመዋል እንጂ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ በቆላ የሰነበተ መኪናም ያንኳኳልና።

ነዳጅ መርገጥ የሞተሩን ፍጥነት የሚጨምረው ዘይቱ ገና ባልደረሰበት ሰዓት ነው። የሚሻለው ድምፁ እስኪረግብ በሚኒሞ ማቆየት፣ ከዚያም በዝግታ መንዳት ነው። ዘይት ሲመረጥም በጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል፦ «10ደብሊው-30» በሚለው ውስጥ ፊተኛው ቁጥር የዘይቱን የብርድ ጠባይ ያመለክታል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ጊዜ በቀላሉ ይፈስሳል። ሆኖም ምርጫው የሞተሩ አምራች ካዘዘው መውጣት የለበትም። ድምፁ ካልቆመ ወይም የዘይት መብራቱ ካልጠፋ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የግል ንብረት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ሲከለከል፣ በእጃችን ያሉትን አሮጌ ሞተሮች በጥንቃቄ መያዝ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። የአሽከርካሪ ማሠልጠኛዎችም «ይህን አድርግ» ከማለት አልፈው ምክንያቱን ቢያስተምሩ እንመርጣለን፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ያልተነገረውንም በራሱ ያውቃልና። ተማሪዎቻችንም በክፍል ስለ ፈሳሾች የተማሩትን ለአባታቸው ወይም ለሰፈራቸው ሾፌር ቢያስረዱ፣ ትምህርቱ የአንድ ሞተር ዕድሜ ያራዝማል።