የመገናኛ ዕቃ ሲገዛ መውጫውም ይታሰብ

ንግድ በጋራ ሚዛን ላይ የቆመ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ፈረሱላ በየገበያው ልኩ ይለያይ በነበረበት ዘመን፣ ከአንዱ ገበያ ገዝቶ በሌላው የሚሸጥ ሰው ትርፉን ከማስላቱ አስቀድሞ ሚዛኑን መጠየቅ ነበረበት። ዛሬ ሚዛኑ አንድ ሆኗል፤ ነገር ግን ያው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። ይኸውም የንግድ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውንና ቅርንጫፎቻቸውን የሚያገናኙባቸው ስዊችና ራውተር የተባሉት መሣሪያዎች ጉዳይ ነው።

የእነዚህ መሣሪያዎች ሠሪዎች ሁለት ነገር ይዘው ወደ ገዢው ይቀርባሉ። አንደኛው፣ የአንዱ ኩባንያ ዕቃ ከሌላው ኩባንያ ዕቃ ጋር እንዲነጋገር የሚያደርገው የጋራ ደንብ ነው። ሁለተኛው፣ ኩባንያው ከተወዳዳሪዎቹ ልቆ ለመታየት በራሱ የፈጠረው ልዩ ብልሃት ነው። ሻጭ አብዝቶ የሚያመሰግነው ሁለተኛውን ነው፤ ገዢውን ለዘለቄታው የሚጠብቀው ግን የመጀመሪያው ነው።

ኤተርኔት የተባለው የማገናኛ ዘዴ በ1973 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ተፀነሰ። ዜሮክስ ግን ለብቻው አልያዘውም፤ ከዲጂታልና ከኢንቴል ኩባንያዎች ጋር ሆኖ በ1980 ዝርዝሩን ይፋ አወጣ። አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበርም በ1983 በቁጥር 802.3 ደንብ አደረገው። አይ.ቢ.ኤም. በበኩሉ በ1985 ቶክን ሪንግ የተባለውን አቀረበ። ይህም 802.5 የሚል ደንብ ነበረው፤ በአሠራሩም የሚያመሰግኑት ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን ገበያው በአብዛኛው በአንድ ኩባንያ እጅ ስለ ነበረ ዋጋው እንደ ኤተርኔት ሳይረክስ ቀረ። የኤተርኔት ሠሪዎች ግን በዝተው እርስ በርሳቸው ስለ ተሻሙ ዋጋው ወረደ፤ ፍጥነቱም ከ10 ሜጋቢት ተነሥቶ በ1995 ወደ 100 ሜጋቢት ከፍ አለ። እንግዲህ ደንብ በወረቀት መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ በደንቡ የሚሠሩ ብዙ ሻጮች መኖር አለባቸው።

ይህ ሲባል ግን ልዩ ብልሃት መፍጠር ይነቀፍ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ደንብ አውጪዎች የኩባንያዎችን ፈጠራ ተከትለው ይመጣሉ። ሲስኮ ለስልክ የሚሆነውን ኤሌክትሪክ በዚያው በኔትወርኩ ሽቦ መላክ የጀመረው በ2000 ሲሆን፣ የጋራው ደንብ የወጣው በ2003 ነው። ደግሞም ዕቃውን ሁሉ ከአንድ ቤት የገዛ ሰው ብልሽት ሲደርስ የሚጠይቀው አንዱን ብቻ ነው፤ ከሁለት ቤት የገዛ ግን አንዱ በሌላው ሲያሳብብ ቀኑ ይመሽበታል። ይህ መካድ የሌለበት እውነት ነው።

ሆኖም የዚህ ምቾት ዋጋ በደረሰኙ ላይ አይጻፍም። ሲስኮ ኢ.አይ.ጂ.አር.ፒ. የተባለውን የመንገድ መምረጫ ስልት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲያወጣ፣ ዝርዝሩ በኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች ዘንድ የታተመው በ2016 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ኔትወርኩን በዚህ ስልት የዘረጋ ድርጅት ራውተር መጨመር ባስፈለገው ጊዜ በተግባር ወደ አንድ ቤት ይመለስ ነበር፤ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. የተባለው የጋራ ስልት ግን ለሁሉ ክፍት ነበር። እንደዚሁም አንዳንድ ስዊቾች፣ ቅርፁና ልኩ የጋራ ሆኖ ሳለ፣ የሠሪያቸውን ምልክት ያልያዘ የፋይበር ማያያዣ ሲሰካባቸው አይቀበሉም።

መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወኪሉ ዕቃ ባጣ ቀን፣ ወይም ሠሪው ያን ዓይነት መሥራት ባቆመ ቀን፣ የገዢው ሥራ አብሮ ይቆማል። አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ሻጮች በጥንካሬ፣ በፍጥነት፣ በዋስትና ዘመንና በጥገና ቅልጥፍና ይለያዩ፤ አንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ ግን የጋራው ደንብ ይጠየቅ። ገዢው በማዘዣው ላይ ሦስት ነገር ቢያስጽፍ ይበጀዋል፦ የሚፈለጉት ደንቦች በየቁጥራቸው እንዲጠቀሱ፤ ልዩ ብልሃቱ ቢዘጋም ዋናው ሥራ እንዲቀጥል፤ በርክክቡም ጊዜ ዕቃው ከሌላ ኩባንያ ዕቃ ጋር ተገናኝቶ እንዲፈተን።

አስመጪውም ከዚህ የሚጎዳ አይምሰለው። ደንበኛውን በአንድ ሠሪ ዕቃ አስሮ የያዘ ወኪል፣ ሠሪው ውክልናውን በነሣው ቀን ደንበኛውንም ያጣል። በጋራ ደንብ የሚነግድ ግን ከሌላ ሠሪ አስመጥቶ ያንኑ ደንበኛ ማገልገል ይችላል። የነጋዴ ሀብቱ ደንበኛው ነውና፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ይህ በጥብቅ ሊታሰብበት ይገባል።