የጅጋ ጠቅታ የት ገባ?

አንባቢ ሆይ! ጎግልን ጠይቀህ ከዘረዘረልህ አንዱን ስትነካ መረጃ የወሰድክ ብቻ ይመስልሃል። እየሰጠህም ነው! የትኛውን እንደነካህ፣ ቆይተህበት ይሁን ወዲያው ተመልሰህ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዋሽንግተን በተሰየመው ችሎት የኩባንያው ባለሙያ እንደመሰከሩት፣ «ናቭቡስት» የተባለው ሥርዓት የ13 ወር ጠቅታ እየመረመረ የትኛው ገጽ ከላይ እንደሚቀመጥ ለመወሰን ያግዛል።

እስቲ ይህን ይዘን ወደ ጅጋ እንምጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተዘግቶ ቆየ። (የዘጋው ጎግል አይደለም፤ ይህን አንክድም።) ታዲያ ከ13ቱ ወር ለእኛ ስንቱ ቀረ? የጅጋና የቡሬ በቆሎ አምራች ስለ መጤ ተምች በስልኩ መጠየቅ ባልቻለበት ጊዜ ማሽኑ ከማን ተማረ? ኔትወርክ ካለው ብቻ! ከዚያ በኋላ «ተጠቃሚው የመረጠው ነው» ቢሉን እንዴት እንቀበል?

ደግሞስ ጠቅታ ምስክርነት ነውን? በእንግሊዝኛ የጠያቂው ብዛት ስህተቱን ያርመው ይሆናል። ጥቂት ጠያቂ ባለው ቋንቋ ግን «ጉድ ተሰማ!» የሚል ርዕስ የሳባቸው ጥቂት ሰዎች ዝርዝሩን ሊያዛቡት ይችላሉ። ገበሬው የፈለገው ኬሚካሉ በስንት ሊትር ውኃ እንደሚበጠበጥ ነው!

እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ዳኛ አሚት ሜህታ ጎግል ከዚህ መረጃ የተወሰነውን ብቁ ለሆኑ ተወዳዳሪዎች እንዲያካፍል አዘዙ። መልካም! የአማርኛው ጠቅታ ግን የጠያቂው ማንነት ተሰውሮ ለዩኒቨርሲቲዎቻችንና ለግብርና ምርምር ተቋሞቻችን ይሰጥ። የሰጠነው እኛ ነንና።