ድንጋዩን ከቦታው አታንሱት

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የምጽፈው እርማት ነው። በጣም ዘግይቷል፤ ግን ከሚቀር ይሻላል ብዬ ነው።

ስለ በረዶ ዘመን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የምስለው ካርታ ሁሌም አንድ ነበር። ሰሜን አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ፣ በጠመኔ ነጭ ተቀብተው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እኛ ሀገርስ የበረዶ ግግር ነበር?» አለኝ። እኔም «እኛማ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ከየት መጥቶ!» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ ልጁም አፍሮ ተቀመጠ። ይሄን ካነበብክ ራስህን ታውቃለህ። ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መረጃ አልነበረም እንዳልል፣ ኤሪክ ኒልሰን የሚባል ስዊድናዊ ገና በ1940 (እንደ ፈረንጆቹ) ስለ ኢትዮጵያ ተራሮች የጥንት በረዶ ጽፎ ነበር።

መልሱ ያለው ባሌ ነው። ከዲንሾ ተነስታችሁ ወደ ወይብ ሸለቆ ስትዘልቁ ሰፊ ሣር፣ የፍልፈል ጉድጓድ፣ ከታደላችሁ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ታያላችሁ። በሣሩ መሀል ትልልቅ ቋጥኞች አሉ። አብዛኛው ሰው ፎቶ ተነስቶባቸው ያልፋል። እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ፦ ማን አመጣቸው?

ወንዝ ድንጋይን እያንከባለለ ያለሰልሰዋል፣ ትልቁን ከትንሹም ይለያል። ናዳ ከሆነ ገደሉ ሥር ይከምረዋል። የበረዶ ግግር ግን አይመርጥም። ጎጆ የሚያህለውንም ቋጥኝ፣ ጠጠሩንም፣ ዱቄት የሆነውንም አፈር አንድ ላይ ተሸክሞ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሲቀልጥ ሸክሙን እዚያው ያራግፈዋል። ግግሩ ጫፍ ላይ እንደ ቅስት የሚቀመጠው ክምር ሞሬን ይባላል። በእኛ ቋንቋ ልንገራችሁ ካላችሁኝ የድንበር ድንጋይ ነው። «በረዶው እስከዚህ ደርሶ ነበር» ይላል።

መቼ? እዚህ ላይ ነው ሳይንሱ የሚገርመው። ከሕዋ ያለማቋረጥ የሚወርድ ጨረር አለ። ይሄ ጨረር የድንጋዩን ገጽ ሲመታ ክሎሪን-36 የሚባል አቶም በጥቂት በጥቂቱ ይፈጠራል። ድንጋዩ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ጨረሩ በደንብ አያገኘውም። በረዶው አስቀምጦት ሲሄድ ግን ቆጠራው ይጀምራል። ተመራማሪዎች ከቋጥኙ አናት ላይ ትንሽ ቁራጭ ይወስዱና የተጠራቀመውን ይለካሉ። በዚህ መንገድ የተሠራ ጥናት በ2021 (እንደ ፈረንጆቹ) ታተመ። የኢትዮጵያ ደጋ የበረዶ ግግሮች ትልቁ ስፋታቸው ላይ የደረሱት ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ መሆኑን አሳየ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዓለም በአጠቃላይ የበረዶ ዘመን ጣሪያ የሚለው የዛሬ 21,000 ዓመት ገደማ ያለውን ጊዜ ነው። የእኛ ቀድሟል! በረዶ እንዲከማች ብርድ ብቻ አይበቃም፣ የሚወርድ ነገር ያስፈልጋል። የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ለሙቀትም ለዝናብም የሰጡት ምላሽ አንድ ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ የአውሮፓን ካርታ ስለን የእኛን ታሪክ ከዚያ መገመት አንችልም። የእኛን የሚነግረን የእኛው ድንጋይ ነው።

በዚያው ሸለቆ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር። በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚለው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው በልተዋል፣ ከተራራው ባልጩት አምጥተው መሣሪያ ሠርተዋል። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጓቸው። በረዶው በሰፋበት ዘመን ሰው እዚያው ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ «ከየት መጥቶ» ብዬ አስቄ ነበር!

አሁን ወደ ሃሳቤ ልምጣ። እነዚህ ቋጥኞች የሚመሰክሩት ከቦታቸው ካልተነሱ ብቻ ነው። የአክሱም ሐውልት ሮም ሄዶም ሐውልት ነበር። የሞሬን ቋጥኝ ግን ለግንብ ተፈልጦ ወይም ለአጥር ተንከባሎ ቦታውን ከለቀቀ ተራ ባዛልት ይሆናል። ድንበሩም ይጠፋል፣ ጨረር ያየው ገጽ ከተገለበጠ ቆጠራውም ይበላሻል። የድንበር ድንጋይ በሌሊት የሚያነሳ ሰው በሀገራችን ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ።

ስዊዞች ይሄን ከእኛ በፊት ተምረውታል። በረዶ ከአልፕስ ያወረደላቸውን ቋጥኝ ግንበኞች እየፈለጡ ሲጨርሱት፣ በ1867 የሀገሪቱ ሳይንቲስቶች «እነዚህን ድንጋዮች አድኑ» ብለው ለሕዝቡ ጥሪ አቀረቡ። ዛሬ በሕግ የሚጠበቁ አሉ።

«ሕዝቡ ኑሮ ከብዶት አንተ ስለ ድንጋይ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሸለቆው ይታጠር፣ ከብት አይግባ አላልኩም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንግዳ ይመጣል። ጎብኚን ቀበሮ ብቻ አሳይቶ ከመመለስ፣ ቋጥኙ አጠገብ አቁሞ ይሄን ታሪክ የሚያወራ የአካባቢው ወጣት ቢኖር ለእሱም እንጀራ ነው። ድንጋዩን መፈለጥ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚያስከፍለው።

ከእንጀራውም ሌላ ጉዳይ አለ። ያ ጥናት የበረዶው ዘመን ከዛሬው በ4.4 እስከ 6.0 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዝ እንደነበር፣ የውርጭ አምባው ዕፅዋትም 700 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ እንደነበር ያሳያል። ይሄ ማለት ጥቂት ዲግሪ ሙሉ የተራራ ሕይወትን ታወርዳለች ወይም ታወጣለች። አሁን ደግሞ አየሩ እየሞቀ ነው፣ ጉዞው ወደ ላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጅብራውና ቀይ ቀበሮው የት ይውጡ? ከዚያ ተራራ የሚነሳው ወይብ ሶፍ ዑመርን ሰንጥቆ ወደ ቆላ የሚወርድ፣ ስንቱ ሰውና ከብት የሚጠጣው ወንዝ ነው። ወደፊት የሚመጣውን ለመገመት ያለፈውን የምንለካበት መዝገብ ያስፈልገናል፤ መዝገቡ ሜዳ ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ ሮቤ፣ ጎባና ዲንሾ አካባቢ የምታስተምሩ (መምህር የሆናችሁ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ)፣ የበረዶ ዘመንን ከስካንዲኔቪያ አትጀምሩት። ከወይብ ጀምሩት። ከቻላችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቋጥኙን ይንኩት፣ «ማን አመጣው?» ብላችሁ ጠይቋቸውና መልሱን ራሳቸው ይፈልጉ። ከኋላ ወንበር እጅ የሚያወጣውን ልጅ ደግሞ አደራ፣ እንደኔ አትሳቁበት።

ፎቶ ካነሳችሁ ላኩልኝ። ድንጋዩን ግን እዚያው ተዉት።