ኮምፒውተሮቹ ከካርቶን ይውጡ

ዘንድሮ በእኛ በተማሪዎች መካከል አዲስ የወገን ጠብ ተነሥቷል። አንዱ ዊንዶውስ፥ ሌላው ኡቡንቱ፥ ሦስተኛው አፕል ይላል። ለምሳ ተሰልፈን እንኳ ክርክሩ አይበርድም። ክርክር የተማሪ ስንቅ ስለ ሆነ በራሱ አንጠላውም። ነገር ግን በጀዊ ለሚኖሩ ወጣቶች ማስተማሪያ ይሆኑ ዘንድ ደጅ ጠንተን ያገኘናቸው ስምንት አሮጌ ኮምፒውተሮች፥ ይኸው ሁለት ወር ሙሉ በካርቶን እንደ ታሸጉ ተቀምጠዋል። እንግዲህ የምንከራከረው ለማን ነው?

ጀዊን ላላየ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተውም በጎርፍ ከተጠቃው ከሌይችዎር መጠለያ የተነሡትን የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ለመቀበል ነበር። ከነዋሪዎቹ የሚበዙት ኑዌሮች ናቸው። አስቀድሞ ከጦርነት፥ ቀጥሎም ከውሃ የሸሸ ሕዝብ ነው። መጠለያው በተከፈተበት ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለትምህርት ደርሷል።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ማሽን ሆድ ዕቃ ብዙ እናውቃለን አንልም። ቢሆንም ለመምረጥ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከአቅማችን በላይ አይደለም።

አንደኛው የዕድሜ ነገር ነው። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት በዊንዶውስ 10 ሲሆን፥ ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ ከዚያም በላይ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ የእኛዎቹ ይህን አያሟሉም። የአፕልን ዋጋ ማንሣት ለሳቅ ካልሆነ በቀር አይረባም። ሊኑክስ ግን በነጻ ይገኛል። እንደ ሉቡንቱ ያለው ቀለል ያለ ዓይነት በአሮጌ መሣሪያ ላይ ይሄዳል፤ በአንድ ፍላሽ ተይዞም ያለ ኢንተርኔት ሊጫን ይችላል። የሊኑክስን መሠረት የጣለው ሊነስ ቶርቫልድስ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያስታውቅ፥ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ወጣት ነበር። በእኛ ዕድሜ ማለት ነው።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። ቀድሞ የግእዝ ፊደል መጻፊያ ሶፍትዌሮች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ኮድ ይሰጡ ስለ ነበር፥ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ችግሩ መቃለል የጀመረው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ከነቍጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ 345 ምልክት አድርጎ በጋራ ሰንጠረዡ ካስገባ በኋላ ነው። ጽሑፋችንን ያዳነው የጋራ ስምምነት እንደ ሆነ ልብ እንበል። የኑዌር ቋንቋ በላቲን ፊደል ቢጻፍም፥ በተራው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ የማይገኙ ፊደላት አሉት። እነዚህንም ዩኒኮድ ያውቃቸዋል። ለልዩ ልዩ ቋንቋዎች ኪቦርድ የሚያቀርበው ኪማን የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ በዊንዶውስም፥ በማክም፥ በሊኑክስም ይሠራል። ስለዚህ አስተማሪ ሆነን ስንሄድ ይህን አስቀድመን መጫን አለብን። ተማሪው የእናቱን ስም አስተካክሎ የማይጽፍበት ኮምፒውተር፥ የየትኛው ወገን ቢሆን ምን ይረባዋል?

የዊንዶውስ ወገኖች የሚያነሡት አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ ልናልፈውም አይገባም። ቢሮው የሚጠይቀው ዎርድና ኤክሴል ነው፤ ሊብሬኦፊስ ብቻ የተማረ ወጣት ለሥራ ሲፈተን ግር ሊለው ይችላል ይላሉ። እውነት ነው። ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፤ ስድስቱ በሊኑክስ ይሥሩ፤ ሁለቱ ዊንዶውስ እንደ ያዙ፥ ከኢንተርኔት ሳይገናኙ፥ ለመለማመጃ ይቆዩ። ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይላሉ አባቶች። የሚጻፈውም ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ነገ ማሽኑ ሲሞት ጽሑፉ አብሮት እንዳይቀበር።

በመጨረሻ ጥፋታችንን እንናገር። በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ስለ ጀዊ ወጣቶች ብዙ ተናግረናል፤ ከመካከላቸው ግን አንዱን እንኳ፥ «አንተ ምን ልትሠራበት ትፈልጋለህ?» ብለን አልጠየቅንም። በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሁለት ሰዎች ወደዚያ ሄደው ይጠይቁ። የሚሰጡት መልስ ከእኛ ሐሳብ ጋር ባይስማማ፥ የእኛ ይቅር። ካርቶኖቹ ግን ይከፈቱ።