የፈረስ ጉልበትና የአዲሱ ገበያ ዳገት

በክፍላችን ስለ ሞተር ብስክሌት ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚጠየቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ተብሎ ነው። በእኔ አስተያየት ለአዲሱ ገበያ ልጅ ይህ ጥያቄ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መሆን አይገባውም።

መከለያ የሌላቸውን፣ ሞተራቸው በግልጽ የሚታየውን መካከለኞቹን እንውሰድ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆንዳ ሲቢ 650 አር አራት ሲሊንደርና 94 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ያማሃ ኤምቲ 07 ግን ሁለት ሲሊንደርና 73 ያህል ብቻ። ጓደኞቼ ወዲያው ለሆንዳ ይፈርዳሉ። ይሁን እንጂ ያ 94 የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ሲዞር ነው። ከሰሜን ማዘጋጃ ሽቅብ፣ በታክሲና በአህያ መካከል እየተሹለከለከ የሚወጣ ሰው ይህን ዙር መቼ ያገኘዋል? ያማሃ ከፍተኛውን የመጎተት ኃይሉን የሚሰጠው በ6,500 ዙር ነው፤ ክብደቱም 180 ኪሎ ግድም ነው። ዳገት የሚወጣው በዚህ ነው።

ከፍታችንንም አንርሳ። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተርም እንደ ሯጭ አየር ይፈልጋልና በፋብሪካ 73 የተባለው እኛ ዘንድ 55 ቢሆን ነው። ሯጮቻችን ከፍታውን ይለምዱታል፤ ሞተር ግን አይለምድም።

ከጉልበት ይልቅ ስለ ፍሬን ብንከራከር ደስ ባለኝ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን በፊዚክስ ተምረናል። በክረምት፣ ከሱሉልታ በሚወርዱ የጭነት መኪናዎች መካከል፣ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን ከ20 ተጨማሪ ፈረሶች ይበልጣል።

ወላጆቻችን «ሞተር» ሲባል ይቆጣሉ፤ አይፈረድባቸውም። የከተማው አስተዳደርም በ2011 ዓ.ም. ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች አግዶ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን ነገ ዕቃ እያደረሱ እንጀራቸውን የሚበሉ ይኖራሉ። እነርሱ ከቁጣው ይልቅ ጥሩ የራስ ቁርና ስለ ፍሬን የሚያስተምራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ቤንዚን የማይፈልገው የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። የሚመጣው ዓመት ክርክራችን ስለ እርሱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የሆንዳ ወዳጆችም ይዘጋጁ።