ቅዳሜ የሚቆለፍ ሜዳ

አዳማ ላይ ለሥራ ሥልጠና ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ዓርብ ማታ ገባሁ። ቀኑን በወንበር፣ ማታውን በጽሑፍ ያሳለፈ ሰው ጉልበቱ ይንቋቋል። አውቶቡስ ውስጥ የማስበው ስለ ኳስ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጧት ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሜዳችን ብንሄድ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ደግ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ ቁልፉ ያለው ቢሮ ነው፤ ቢሮውም የሚከፈተው ሰኞ ነው» አሉን። እኛም ሻይ ቤት ገብተን እንግሊዞች ሲጫወቱ በቴሌቪዥን ስናይ ዋልን። (ወንበሩ እንደሆነ ያው ወንበር ነው።)

ሥራ ያለው ሰው ለስፖርት ጊዜ የለውም የሚሉ አሉ። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲፈጽም እንጀራው ውትድርና ነበር። ስለዚህ ሥራና ስፖርት አልተጣሉም፤ የተጣሉት ሜዳውና የቢሮው ሰዓት ናቸው። ሜዳው ሲከፈት እኛም መምህሮቻችንም ክፍል ውስጥ ነን፤ እኛ ስናርፍ እሱም ያርፋል።

የሚዘጋው መረብና ኳስ እንዳይጠፋ ነው ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ባለፈው ዓመት የጠፋውን ኳስ ሁላችንም እናስታውሳለን። እንግዲያውስ ማኅበራችን በየሳምንቱ ሁለት ተረኞች ይመድብ። ዓርብ ማታ ቁልፉን ፈርመው ይረከቡ፣ ሰኞ ጧት ይመልሱ፤ የጎደለም ቢኖር ማኅበሩ ይክፈል። ለመጪው ቅዳሜ አንዱ ተረኛ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ማን እንደሆነ እስከ ሐሙስ ይንገረኝ።