አምስት በር፣ አምስት ጠጣር



አዲስ ተማሪዎችን ጁገል ስናስጎበኝ ሁሌም የምንላት ነገር አለች። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ አምስት በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። የእስልምና ማዕዘናት ምሳሌ ናቸው እንላለን። ከትልልቆቻችን የሰማነው ነው፤ እንወደዋለንም። ዘንድሮ አንዲት ፍሬሽ እህታችን በኋላ ዘመን ለመኪና የተከፈተውን በር አይታ «ይኼኛውስ?» ስትል ግን ስቀን አለፍናት።

ሰሞኑን ደግሞ ከመካከላችን አንዱ ሌላ አምስት አመጣ። ገጾቻቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ሥርዓታዊ ጎነ ብዙ የሆኑ፣ በየማዕዘናቸው እኩል ብዛት ያላቸው ገጾች የሚገናኙባቸውና ወደ ውስጥ ያልጎደጎዱ ጠጣሮች አምስት ብቻ ናቸው። «ሱብሐነላህ፣ ይኸው ሌላ ተአምር!» ተባለና በቴሌግራም ሲዞር አመሸ። ለምን አምስት ብቻ እንደሆኑ የጠየቀ አልነበረም።

ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የጠጣር ማዕዘን ለመሥራት ቢያንስ ሦስት ገጾች አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው። እዚያ ነጥብ ላይ ያሉት ዘዌዎች ድምር ደግሞ ከ360 ዲግሪ ማነስ አለበት፤ 360 ከሞላ ካርቶኑ ተዘርግቶ ይቀራል። እኩል ጎን ያለው ጎነ ሦስት ዘዌው 60 ነው፤ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ሲገናኙ 180፣ 240፣ 300 ይሆናል። ስድስተኛው ይሞላዋል። ካሬ 90 ነው፤ ሦስቱ 270፣ አራቱ 360። የጎነ አምስት 108 ነው፤ ሦስቱ 324፣ አራተኛው አይገባም። የጎነ ስድስት 120 ስለሆነ ገና በሦስቱ 360 ሞልቶ እንደ ወለል ንጣፍ ይተኛል። ከዚያ በላይ ያሉትማ ጭራሽ። ቁጠሩት፤ ሦስት፣ አንድ፣ አንድ። ከአምስት አይበልጡም፤ አምስቱም መኖራቸውን ሠርቶ ማየት ነው።

ይህ ከግንቡ በሮች ጋር አይገናኝም። በሮቹን ሰው ከፈታቸው፤ ሌላም ተጨመረ። ስድስተኛ ጠጣር ግን ማንም ሊጨምር አይችልም።

መድረሳ ሳለን ለእያንዳንዱ መስአላ ደሊሉን እንድንጠይቅ ተምረናል። ሒሳብ ላይ ስንደርስ ግን ቀመር ሸምድደን ፈተና እንገባለን፤ ቁጥሩ ካማረን ደግሞ ተአምር እንለዋለን። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው አቡል ወፋ አል-ቡዝጃኒ ለእጅ ባለሙያዎች በጻፈው የጂኦሜትሪ መጽሐፍ፣ ሦስት እኩል ካሬዎችን ቆርጦ አንድ ካሬ ስለማድረግ ያነሳል። አንዳንድ ባለሙያዎች የሚሠሩበት መንገድ ለዓይን ትክክል ይመስላል። እሱ ግን በዓይን አልረካም፤ ስህተቱ የት እንዳለ አሳየ፤ ትክክለኛውንም ሠራ።

ስለዚህ ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ አለን። የቅዳሜው የፍሬሽማን ማጠናከሪያ ትምህርት በቀመር አይጀመር፤ ካርቶን፣ መቀስና ማጣበቂያ ይምጣ። ያቺንም እህታችንን እንጥራት። አሥራ ሁለቱን ጎነ አምስቶች አጣብቆ ለመዝጋት ከዐስር እስከ መግሪብ ሳይፈጅ አይቀርም።